«እኔ ሁለቱም ነኝ፣ ታዲያ ለምን እለፋለሁ?»፦ ስለ ኤስኤቲ የውጤት ልዩነት ለአንዲት እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አሜሪካ ነው። በቅርቡ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ትፈተናለች። ሰሞኑን አንድ ሰንጠረዥ አይታ መጣች። ጥቁር ተማሪዎች ከነጮችና ከእስያውያን በጣም ዝቅ ያለ ውጤት እንደሚያመጡ ይናገራል። ሴቶችም በሒሳብ ከወንዶች ያንሳሉ ይላል። ‹እኔ ሁለቱም ነኝ፣ ታዲያ ለምን እለፋለሁ?› አለችኝ። የምላት ጠፋኝ። ፈተናው ነው የሚያዳላው ወይስ ሌላ ነገር አለ? ውጤቷንስ ለኮሌጅ ትላክ ወይስ ይቅርባት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከልጅዎ ልጀምር። ያ ሰንጠረዥ የብዙ ሰው አማካይ ነው። የአንዲትን ልጅ ውጤት አይተነብይም። እሷ ስንት ልታመጣ እንደምትችል ማወቅ ከፈለጉ አንድ የልምምድ ፈተና አስቀምጠው ይፈትኗት፤ ከዚያ የሒሳብ ደብተሯን ገለጥ ገለጥ ያድርጉ። ከየትኛውም የዘርና የጾታ ሰንጠረዥ የተሻለ ይነግሩዎታል።

ይህን የምለው ጥያቄዋን ለማለባበስ አይደለም። ያየችው ቁጥር እውነተኛ ነው። እንጀራዬ ፈተናዎችን መፈተሽ ስለሆነ በየዓመቱ አየዋለሁ፤ በየዓመቱም ያመኛል። በ2023 ከተመረቁት ተማሪዎች ከ1.9 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ኤስኤቲ ወስደዋል። ከ1600 የእስያውያን አማካይ 1219 ነበር። የነጮች 1082፣ የሂስፓኒኮች 943፣ የጥቁሮች 908። በጾታ ሲታይ ደግሞ የወንዶች 1032፣ የሴቶች 1023።

እነዚህን ቁጥሮች አንድ ጊዜ ረጋ ብለው ይዩዋቸው። በወንድና በሴት መካከል ያለው 9 ነጥብ ነው። በነጭና በጥቁር መካከል ያለው 174 ነው። ልጅዎ «ሁለቱም ነኝ» ስትል ሁለቱን እንደ አንድ ሸክም ደራርባ አየቻቸው። ብዙ ጽሑፍም እንዲሁ ያደርጋል። ግን ልዩነቶቹ በመጠንም፣ በምክንያትም፣ በመፍትሔም አይገናኙም። ለየብቻ ልውሰዳቸው።

የጾታው ልዩነት በተለይ የሚታየው በሒሳቡ ክፍል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 40 ነጥብ ይጠጋ ነበር። ዛሬ ከግማሽ በታች ወርዷል። በንባብና በጽሑፍ ክፍሉ ደግሞ ሴቶቹ ትንሽ ይመራሉ። ከአሜሪካ ውጭ ሲታይም ተመሳሳይ ነው። ፒዛ (PISA) በሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና በ2022፣ ኦኢሲዲ በሚባለው የበለጸጉ አገሮች ማኅበር አባላት አማካይ፣ የ15 ዓመት ወንዶች በሒሳብ በ9 ነጥብ በለጡ። ሴቶቹ በንባብ በ24 ነጥብ በለጡ። ሴቶች በሒሳብም የሚበልጡባቸው አገሮች አሉ። (የወንዶች ልጆች የንባብ ነገር፣ በእውነት፣ ከሚገባው በታች ነው የሚወራው። ወንድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች አስቡበት።)

ከዚህ ከትንሹ ልዩነት ውስጥም የተወሰነው የመጣው ከፈተናው አሠራር ነው። አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርገን እንይ። እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ ኤስኤቲ ላይ የተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ ያስቀንስ ነበር። ባዶ የተተወ ጥያቄ ግን አያስቀንስም። አምስት አማራጭ አለ እንበል። ምንም ሳያውቁ ቢገምቱ ትርፉም ኪሳራውም ዜሮ ነው። ከአምስቱ አንዷን ብቻ «ይቺ አይደለችም» ብለው ከሰረዙ ግን መገመት ያዋጣል። ይህን ያወቀ ተማሪ ባዶ አይተውም። ጥንቃቄ የሚያበዛ ተማሪ ግን እርግጠኛ ካልሆነ ይተወዋል። ባዶ በመተው የሚበልጡት ማን ይመስሉዎታል? ሴቶች። ካትሪን ኮፍማን የተባለች የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ይህንኑ በሙከራ አሳይታለች። እኩል እውቀት ያላቸው ወንድና ሴት፣ ቅጣት ሲኖር፣ ሴቷ ብዙ ጥያቄ ታልፋለች፤ ነጥቧም ለዚያ ብቻ ይቀንሳል። ቺሌ ከብሔራዊው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋ ላይ ቅጣቱን ስታነሳ፣ ባዶ በመተው በኩል የነበረው የወንድና የሴት ልዩነት በጣም ጠበበ። የልጆቹ እውቀት በአንድ ጀንበር አልጨመረም። የተቀየረው ሕጉ ነው።

የጥያቄው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የስታንፎርዱ ሾን ሪርደንና ባልደረቦቹ በ2018 እንዳሳዩት፣ የስቴት ፈተናው ምርጫ ሲበዛበት ለወንዶቹ ያደላል፤ ጽፎ መመለስ ሲበዛበት ለሴቶቹ። ስለዚህ ፈተና ሲዘጋጅ የምርጫና የጽሑፍ መልስ ድርሻ ላይ የሚወሰነው ውሳኔ ማን እንደሚያልፍ በከፊል እየወሰነ ነው። ይህን ተማሪዎቹ አያውቁትም፤ ወላጅም አይነገረውም።

ጉዳቱ ደግሞ እውነተኛ ነው። ኒውዮርክ ስቴት በ1980ዎቹ ሬጀንትስና ኢምፓየር የሚባሉ ስኮላርሺፖችን በኤስኤቲ ውጤት ብቻ ትሰጥ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ ከግማሽ በላይ ሴቶች ነበሩ። ትልቁን፣ ኢምፓየሩን፣ ካገኙት ውስጥ ግን ሲሶ እንኳን አልሞሉም። የክፍል ውጤታቸው ከወንዶቹ አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጥ ነበር። በ1989 የፌደራል ፍርድ ቤት ይህ አሠራር በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ። እኔም ብሆን የምፈርደው እንዲያ ነው። ምክንያቱም ኤስኤቲ ስለ ሴቶች የሚሰጠው ግምት ኮሌጅ ገብተው ከሚያመጡት ውጤት ዝቅ ያለ ነው። እኩል ኤስኤቲ ካላቸው ወንድና ሴት ውስጥ ኮሌጅ ላይ በአማካይ ከፍ ያለ ጂፒኤ የምታመጣው ሴቷ ናት። ይህ በብዙ ጥናት ተደጋግሞ ታይቷል።

አንድ ነገር ይቀራል። በጣም ከፍተኛ ውጤት በሚያመጡት መካከል የወንዶቹ ቁጥር እስካሁን ይበልጣል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው 13 ሳይሞላ በሒሳብ ኤስኤቲ 700 እና ከዚያ በላይ ያመጡትን ቆጠረ። ለአንድ ሴት 13 ወንድ ሆነ። በዚያን ጊዜ «ተፈጥሮ ነው» ተብሎ ብዙ ተጻፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ቁጥር ለአንድ ሴት ወደ 4 ወንድ ገደማ ወርዶ ነበር። የቀረውን ምን እንዳመጣው ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። እኔ ግን ከ13 ወደ 4 የወረደን ነገር «የተፈጥሮ ሕግ» ብሎ ለአንዲት ልጅ መንገር ነውር ነው እላለሁ።

ወደ ዘሩ ልዩነት ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል።

መጀመሪያ ታሪኩን ሳልናገር ባልፍ እውነት አይሆንም። ኤስኤቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1926 ነው። ያዘጋጀው ካርል ብሪገም የሚባል የፕሪንስተን ሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ይህ ሰው በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮች የተሰጡትን ፈተናዎች ይዞ፣ የሰሜን አውሮፓ ነጮች በእውቀት ይበልጣሉ፣ ጥቁሮችና ስደተኞች ያንሳሉ ብሎ ጻፈ። እነዚያ ፈተናዎች ስለ አሜሪካ ሸቀጥና ስፖርት ሳይቀር ይጠይቁ ነበር። ከመርከብ ገና የወረደ ሰው በምን ያውቃል? በ1930 ብሪገም ራሱ ድምዳሜው መሠረት እንደሌለው በጽሑፍ አመነ። መጽሐፉ ግን እስከዚያ ድረስ ስደተኛን ለመገደብ ክርክር ሲያገለግል ቆይቶ ነበር።

ስለዚህ ሰዎች ፈተናውን ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። መጥፎ ጥያቄዎችም ነበሩ። በጣም የታወቀችው ይህች ናት፦ «ሯጭ ለማራቶን ከሆነ፣ ቀዛፊ ለምንድን ነው?» መልሱ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር የሚጠራበት «ሬጋታ» የሚል ቃል ነበር። ቃሉን የሚያውቀው ሐይቅ ዳር ክለብ ያለው ቤተሰብ ነው። የማመዛዘን ችሎታ ተለካ ተብሎ የተለካው የአባት ገንዘብ ሆነ። የዚህ ዓይነት የቃላት ዝምድና ጥያቄ ከኤስኤቲ የወጣው በ2005 ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለችውን ጥያቄ የምናጠምድበት ዘዴ አለ። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ወስደን በጠቅላላው ፈተና እኩል ያመጡትን ከእኩያቸው ጋር እናሰልፋለን። 600 ያመጣ 600 ካመጣ ጋር፣ 450 ያመጣ 450 ካመጣ ጋር። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ብቻ አውጥተን እናያለን። በሁሉም ደረጃ፣ እኩል ነጥብ እያላቸው፣ ይህችን ጥያቄ ጥቁሮቹ ይበልጥ ከሳቱ በውስጧ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ቃሉ፣ ታሪኩ፣ ሥዕሉ ሊሆን ይችላል። ጥያቄዋ ትመረመራለች፤ ብዙውን ጊዜ ትጣላለች። ለወንድና ለሴትም እንዲሁ ይሠራል። ዘዴው ጎደሎ አለበት፤ ፈተናው በሙሉ ካዘነበለ አይዘውም፤ ምክንያቱም የምናወዳድረው ከራሱ ከፈተናው ጋር ነው። ቢሆንም መጥፎ ጥያቄን ይለቅማል።

እና መጥፎዎቹ ከተለቀሙ በኋላ ልዩነቱ ጠፋ? አልጠፋም። ብዙም አልጠበበም። ሰው መስማት የማይወደውን ልንገርዎ። ኤስኤቲ የጥቁር ተማሪዎችን የኮሌጅ ውጤት ዝቅ አድርጎ አይገምትም። በአማካይ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል እንጂ። ከሴቶቹ ጉዳይ ጋር ሲነጻጸር ተቃራኒ ነው። ይህ የሚነግረን ችግሩ ከፈተናው ቀን በፊት መጀመሩን፣ ከፈተናውም በኋላ ኮሌጅ ድረስ መከተሉን ነው። «ፈተናውን ብንሰርዘው ይፈታል» የሚሉ ሰዎች ልባቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አልስማማም። ፈተናው ሲሰረዝ ልዩነቱ አይጠፋም፤ የማናየው ይሆናል።

ታዲያ ከየት መጣ? ከገንዘብ ልጀምር። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባደረገው ጥናት መሐል ላይ ያለው የነጭ ቤተሰብ ሀብት 285,000 ዶላር ነበር። የጥቁር ቤተሰብ 44,900። ገቢ አይደለም የምለው፤ ቤት፣ ቁጠባ፣ ውርስ ተደምሮ ነው። ሀብት ሰፈር ይመርጣል፤ ሰፈር ትምህርት ቤት ይመርጣል። በ2023 የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ከላይኛው 1 በመቶ ሀብታም ቤተሰብ የመጡ ልጆች ኤስኤቲ ላይ 1300 እና ከዚያ በላይ የማምጣት ዕድላቸው ከዝቅተኛ ገቢ ልጆች 13 እጥፍ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ይግቡ። የፌደራሉ መንግሥት የ2015–16 መረጃ እንደሚያሳየው ከአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካልኩለስ የሚያስተምሩት ግማሹ ነበሩ። ጥቁርና ላቲኖ ተማሪ ከሚበዛባቸው ውስጥ ግን 38 በመቶው ብቻ። ያልተማረችውን ልጅ መፈተን ምን ይሉታል? ሪርደንም ቢሆን በብዙ ሺህ የትምህርት ወረዳዎች ያየው ይህንኑ ነው። የጥቁርና የነጭ ልዩነት የሚሰፋው፣ ጥቁር ልጆች ድህነት በተከማቸባቸው ትምህርት ቤቶች ተለይተው በሚማሩበት ቦታ ነው።

«በዘር የሚወረስ ነው» የሚሉ አሉ፤ ልጅዎም ኢንተርኔት ላይ ሳታገኛቸው አትቀርም። ሁለት መረጃ ይስጧት። ኔፕ የሚባለው ብሔራዊ ፈተና ከ1971 ጀምሮ የ13 ዓመት ልጆችን ንባብ ይለካል። ያኔ የነጭና የጥቁር ልዩነት 39 ነጥብ ነበር። በ1988 ወደ 18 ወረደ። በ17 ዓመት ከግማሽ በላይ ተዘጋ። ደም በ17 ዓመት አይቀየርም። የተቀየረው ሌላ ነው። የደቡቡ ትምህርት ቤቶች መለያየት ቀረ፤ የጥቁር ወላጆች የትምህርት ደረጃ ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ ግስጋሴው ቆመ፤ እንዲያውም መልሶ ሰፋ። ይሄ ነው የሚቆጨኝ። እንደሚቻል አይተን ተውነው።

ሁለተኛው ከጀርመን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያ የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮች ከጀርመን እናቶች የወለዷቸው ልጆች ነበሩ። ክላውስ አይፈርት የሚባል ተመራማሪ የጥቁር አባት ልጆችንና የነጭ አባት ልጆችን የእውቀት ፈተና ፈተናቸው። አማካያቸው እኩል ሊባል የሚችል ነበር። ወታደሮቹ ራሳቸው ተፈትነው የገቡ ናቸው የሚል ክርክር ይነሳበታል፤ ተገቢ ክርክር ነው። ቢሆንም ልጆቹ በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ፣ ተመሳሳይ እናቶች ሲያሳድጓቸው ያ ትልቅ ልዩነት የት ገባ?

ደግሞ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ውስጥ ማን ማን እንዳለ አስቡት። ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት የኖሩ፣ አያቶቻቸው በሕግ ከጥሩ ትምህርት ቤት የተከለከሉ ልጆች አሉ። የናይጄሪያ ሐኪሞች ልጆች አሉ። የእርስዎ ልጅም አለች። «እስያዊ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ ከሕንድና ከቻይና የመጡት ብዙዎቹ በትምህርታቸው ተመርጠው የገቡ ናቸው። የልጆቻቸው ውጤት ከፍ ቢል ከወላጅ ዲግሪ ጋር ይያያዛል። የአንድ ሳጥን አማካይ ይህን ሁሉ ይውጠዋል። በዚያ ላይ በ174 ነጥብ ልዩነት እንኳን፣ ከጥቁር ተማሪዎች ጥቂት የማይባሉት ከነጮች አማካይ በላይ ያመጣሉ።

«ለምን እለፋለሁ» ያለችው ነገር ነው ይበልጥ ያሳሰበኝ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውድ ስቲልና ጆሹዋ አሮንሰን በ1995 ባወጡት ሥራ፣ ጥቁር ተማሪዎች ፈተናው ችሎታችሁን ይለካል ሲባሉ ውጤታቸው እንደሚወርድ ጽፈው ነበር። ሥራው በጣም ታወቀ። ለሴቶችና ለሒሳብም ተሠራበት። በኋላ ግን በ2018 በኔዘርላንድስ ከ2,000 በላይ ተማሪዎች ላይ በሒሳብና በጾታ በኩል ሲሞከር ምንም አልታየም። እኔ ዛሬ ያን ያህል ክብደት አልሰጠውም። ልጅዎንም «ቆዳሽ በፈተና ሰዓት ያስፈራሻል» ብለው አያስፈራሯት። ጉዳቱ ያለው ከዚያ በፊት ነው። ልጅቱ በ10ኛ ክፍል «ሒሳብ ለእኔ አይደለም» ብላ ቀለል ያለውን ኮርስ ስትመዘገብ፣ አማካሪውም «ይሻልሻል» ብሎ ሲፈርምላት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠይቁት ይህ ይሁን፦ በሚቀጥለው ዓመት የተመዘገበችው ሒሳብ ምንድን ነው? ፕሪካልኩለስ ወይም ካልኩለስ መግባት እየቻለች ካልገባች ትምህርት ቤት ሄደው ያነጋግሩ። አንድ ጊዜ እምቢ ቢሉዎት ሁለተኛ ይሂዱ።

ለፈተናው ደግሞ አሁን ስህተት አያስቀንስም። አንድም ጥያቄ ባዶ እንዳትተው። ከ2024 ጀምሮ ፈተናው በኮምፒውተር ሆኗል፤ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ምዕራፍ አለው። የሁለተኛው ጥያቄዎች መክበድና መቅለል የሚወሰነው በመጀመሪያው ውጤቷ ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ አትቸኩል። ብሉቡክ የሚባለው መተግበሪያ ላይ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በነጻ አሉ፤ ካን አካዳሚም ነጻ ነው። ሰዓት ይዛ፣ ስልኳን አጥፍታ ትሥራቸው። ሒሳቡ ላይ የሚመጣውን የዴስሞስ ካልኩሌተር አስቀድማ ትልመደው። በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ አስጠኚ አልመክርዎትም። በጥናት የታየው የክፍያ ኮርሶች ጭማሪ በአማካይ ከ30 ነጥብ አይበልጥም። ሁለተኛ ጊዜ መፈተን ግን ይጠቅማል። ብዙ ኮሌጆች ከየክፍሉ ከፍ ያለውን ወስደው ይደምራሉ። ጥቁርና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎች ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ የሚፈተኑት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። ገቢያችሁ ከደረጃው በታች ከሆነ የመፈተኛ ክፍያው ይቀርላችኋል፤ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ይጠይቁ።

ውጤቷን ትላክ ወይ ላሉት፣ መጀመሪያ ኮሌጁ ይጠይቅ እንደሆነ ይዩ። ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትመዝ በ2024 መልሰው ግዴታ አድርገውታል። የካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ተማሪ ሲቀበሉ ጭራሽ አያዩትም። በፈቃድ በሆነባቸው ኮሌጆች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች መካከለኛ ውጤት ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። የእሷ ከዚያ እኩል ወይም በላይ ከሆነ ትላክ። ትንሽ ዝቅ ቢልም፣ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ካሉት ከፍ ያለች ከሆነች፣ ትላክ። ዳርትመዝ ራሱን ሲያጠና ያገኘው ይህንን ነው፦ ችግር ካለበት ቤተሰብ የመጡ ልጆች 1400 አካባቢ አምጥተው፣ ዝቅተኛ መስሏቸው፣ ሳይልኩ ቀሩ። ቢልኩት የመግባት ዕድላቸው ይጨምር ነበር። ኮሌጁ ልጅቱ ከየት ተነስታ ያን ነጥብ እንዳመጣች ያያል።